የተማሪው መነሻና የዩኒቨርሲቲው በር

ሞያሌ አንድ ስም ይዛ በወሰን ለሁለት የተከፈለች ከተማ ናት። ሰሜናዊው ወገን በኢትዮጵያ፣ ደቡባዊው ወገን ደግሞ በኬንያ የማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ይገኛል። ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ ያላት ርቀት ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በገበያዋ ቦረናው፣ ገብራው፣ ቡርጂው፣ ገሪውና ሌላውም ይገናኛል፤ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ ስዋሂሊውና አማርኛው ተቀላቅሎ ይሰማል። ይህ ለነጋዴ ሀብት ነው። ለተማሪ ግን ከባድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም ጥቂት መቶ ሜትር ተራርቀው የተወለዱ ሁለት ልጆች ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስዳቸው መንገድ በቋንቋም፣ በፈተናም፣ በወጪም የተለያየ መሆኑ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተማሪው የኑሮ መነሻ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱና ገብቶም ከመመረቁ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው ሞያሌን ምሳሌ አድርገን ለማስረዳት እንሞክራለን። መነሻ ስንል የወላጆችን ሀብት ብቻ ማለታችን አይደለም። ወላጆች ፊደል መቁጠራቸውን፣ በቤት የሚነገረውን ቋንቋ፣ የትምህርት ቤቱን ርቀት፣ ልጁ ከትምህርት ውጭ የሚሠራውን ሥራ፣ የአካባቢውን ሰላም፣ እንዲሁም ስለ ከፍተኛ ትምህርት የሚያውቅ ዘመድ መኖር አለመኖሩን ሁሉ ያጠቃልላል።

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የምናስተምር እንደመሆናችን መጠን በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ዘወትር እንሰማለን። አንደኛው «ጎበዝ ተማሪ ከየትም ይምጣ ማለፉ አይቀርም» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የድኻና የአርብቶ አደር ልጅ ከመነሻው ስለ ተጎዳ መምህሩ ምንም ቢደክም ለውጥ አያመጣም» ይላል። ሁለቱ የሚቃረኑ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም መምህሩን ከኀላፊነት ነጻ ያወጡታል። እኛ የምንለው ከሁለቱም የተለየ ነው። መነሻ ብርቱ ኀይል አለው፤ ነገር ግን ኀይሉ በታወቁ መንገዶች የሚሠራ እንጂ እንደ ዕጣ ከላይ የሚወርድ አይደለም። መንገዶቹ ከታወቁ ደግሞ አንዳንዶቹን በመማሪያ ክፍል ውስጥ መዝጋት ይቻላል።

ሁለት በሮች

ከሁሉ አስቀድሞ በሮቹን እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በኬንያ በኩል ከ1989 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲን በር የሚከፍተው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና ነው። በአማካይ ሲ ፕላስና ከዚያ በላይ ያገኘ ተማሪ ለዲግሪ ትምህርት መመደብ ይችላል። በ2024 ለፈተናው ከተቀመጡት 962,512 ተማሪዎች መካከል ይህን ውጤት ያገኙት 246,391 ነበሩ፤ ከአራት ተማሪዎች አንዱ ገደማ ማለት ነው። ይህ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ በ2027 እንዲሰጥና ቦታውን ለአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እንዲለቅ ተወስኗል።

በኢትዮጵያ በኩል በሩ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2022 ወዲህ ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ተማሪዎች ቍጥር ብዙዎችን አስደንግጧል። በ2022 ከመቶ 3.3፣ በ2023 ከመቶ 3.2፣ በ2024 ከመቶ 5.4፣ በ2025 ከመቶ 8.4 ነበር። ፈተናዎቹ የተለያዩ ስለ ሆኑ የሁለቱን አገሮች አኀዝ ማወዳደር ትክክል አይሆንም። ነገር ግን ከኢትዮጵያው ውጤት አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። በ2023 ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች ውስጥ በ1,328ቱ አንድም ተማሪ አላለፈም። ተማሪዎቻቸው በሙሉ ሰነፎች የሆኑባቸው ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች በአንድ ዓመት ሊገኙ አይችሉም። ውጤቱ እንዲህ በትምህርት ቤት ተጠራቅሞ ሲወድቅ ምክንያቱን ከልጁ ጭንቅላት ውጭ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ኬንያም ተመሳሳይ ነገር አይታለች። የፈተና ቁጥጥሩ በ2016 በጠበቀ ጊዜ ሲ ፕላስና ከዚያ በላይ ያገኙት ቍጥር በ2015 ከነበረው 169,492 ወደ 88,929 ወረደ። ኩረጃ ለጊዜው ጉድለትን ይሸፍናል እንጂ አይሞላም። ሽፋኑ ሲነሣ የታየው ግን ከዚያ በፊትም የነበረ ጉድለት ነው።

ከአያት የመጣ ዕዳ

የሞያሌን ተማሪ መነሻ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመልከት ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ሰሜናዊውን ኬንያ «የሰሜን ጠረፍ አውራጃ» ብለው በ1902ና በ1934 ባወጧቸው ደንቦች ዝግ አካባቢ አደረጉት። ሰው ያለ ፈቃድ አይገባበትም፣ አይወጣበትምም ነበር። በደጋው አገር ትምህርት ቤቶች ሲስፋፉ በዚህ አካባቢ የነበሩት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ኬንያ በ1963 ነጻ ከወጣች በኋላም የሽፍታ ጦርነት የሚባለው እስከ 1967 ቀጠለ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ደንቡም እስከ 1991 አልተነሣም። በ1965 የወጣው የመንግሥት የኢኮኖሚ መመሪያ ገንዘቡ ይበልጥ ፍሬ በሚሰጥባቸው አካባቢዎች እንዲውል ያዝዝ ስለ ነበር ደረቁ ሰሜን ወደ ኋላ ቀረ። ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በሙሉ አስፋልት የለበሰው ገና በ2010ሮቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

በኢትዮጵያ በኩልም የቦረና ልጅ ዩኒቨርሲቲን ያየው ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 በአዲስ አበባ ሲከፈት ለሞያሌ ልጅ ከብዙ ቀን መንገድ በኋላ የሚገኝ ነገር ነበር። በዚያው አቅጣጫ የሚገኘው ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው በ2010ሮቹ መጀመሪያ ላይ ነው።

ይህን የምንዘረዝረው ለታሪክ ብለን አይደለም። ዛሬ በፊታችን የተቀመጠው ልጅ አያቱ ትምህርት ቤት ስላልነበረ አልተማሩም፤ አባቱና እናቱም ምናልባት ጥቂት ክፍሎች ብቻ ተምረዋል። ስለዚህ የቤት ሥራውን የሚያይለት፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ የሚያጫውተው ሰው የለውም። ይህ ጉድለት ከአያት ወደ ልጅ የተሸጋገረ የመንገድና የትምህርት ቤት እጦት እንጂ የዘር ወይም የባሕርይ ጉዳይ አይደለም። የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት ወደ ኋላ ለቀሩ አካባቢዎች ከመንግሥት ገቢ በመቶ ግማሽ የሚሆን የማመጣጠኛ ገንዘብ እንዲመደብ የደነገገው ይህን በመገንዘብ ነው።

መነሻ በምን በምን ይሠራል?

ሀ. በቋንቋ። በኬንያው ሞያሌ ልጁ በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ይናገራል። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ስዋሂሊም ራሱን የቻለ የግዴታ ትምህርት ነው። ለናይሮቢ ልጅ ስዋሂሊ የመንገድና የገበያ ቋንቋ ሲሆን ለሞያሌው ልጅ ግን በመጽሐፍ የሚማረው ነው። በኢትዮጵያው ሞያሌ ደግሞ ልጁ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ በላቲን ፊደል ይማራል፤ አማርኛን በግዕዝ ፊደል ይጨምራል፤ 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በመካከል ወሰን የተሻገረ ልጅ ከአንዱ ሸክም ወደ ሌላው ይሸጋገራል። የኢትዮጵያ የትምህርት ዓመት በመስከረም፣ የኬንያው በጥር ወር ስለሚጀምር ተሻጋሪው ልጅ ወራት ያባክናል፤ ወይም ያልተማረው ምዕራፍ ካለፈ በኋላ በመካከል ይገባል። መምህሩ ይህን ካላወቀ ቋንቋ ያጠረውን ልጅ ዕውቀት ያጠረው አድርጎ ይመዘግበዋል።

ለ. በጊዜ። ሁለት ልጆችን እናስብ። አንዱ ማታ መብራት ባለበት ቤት ሁለት ሰዓት ያነባል። ሌላዋ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿን ትይዛለች፣ ምግብ ታበስላለች፤ ስትጨርስም መብራት የለም። በትምህርት ወራት ይህ የሁለት ሰዓት ልዩነት በዓመት ብዙ መቶ ሰዓት ይሆናል። ሁለቱም ግን የሚፈተኑት በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ነው። ሸክሙ በልጃገረዶች ላይ የሚከብድ መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚህ ላይ ያለዕድሜ ጋብቻ ሲጨመር ብዙዎቹ ወደ ፈተናው አዳራሽ ሳይደርሱ ይቀራሉ።

ሐ. በገንዘብ። ኬንያ በ2003 የአንደኛ ደረጃን፣ በ2008 ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ የቀን ትምህርትን ክፍያ አንሥታለች። ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከ2018 ወዲህ በዓመት የተወሰነለት የመንግሥት ድጎማ 22,244 ሽልንግ ነው። ነገር ግን ድጎማው የአዳሪ ቤትን ወጪ አይሸፍንም። ቤተሰቡ ከብት ተከትሎ ለሚዘዋወር ልጅ አዳሪ ትምህርት ቤት ግዴታው ስለ ሆነ ነጻ የተባለው ትምህርት ለእርሱ ነጻ አይሆንም። ክፍያው የሚገኘው ፍየል ወይም በሬ ተሽጦ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሳይሳኩ በቀሩ ጊዜ ብዙ ከብት አለቀ፤ የተረፈውም በርካሽ ሲሸጥ የእህል ዋጋ ናረ። ለአንድ ቤተሰብ ከብቱ ሲያልቅ የልጁ የትምህርት ክፍያም አብሮ ያልቃል።

መ. በመረጃና በወረቀት። ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። በኬንያ እያንዳንዱ የዲግሪ ትምህርት የሚጠይቃቸው የተወሰኑ ትምህርቶች አሉ። ፊዚክስን የተወ ተማሪ አማካይ ውጤቱ የቱንም ያህል ከፍ ቢል ምሕንድስና አይገባም። በቀድሞው ሥርዓት ይህ ምርጫ የሚደረገው በሁለተኛ ደረጃ መካከል ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ደግሞ ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ ተማሪው 10ኛ ክፍል ሲገባ ከሦስት መስመሮች አንዱን ይመርጣል፤ እነርሱም ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ የኅብረተሰብ ሳይንስ፣ ኪነ ጥበብና ስፖርት ናቸው። ምርጫው በወረቀት ለሁሉም እኩል ነው። ቤተ ሙከራው ባዶ በሆነበት ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ግን በእርግጥ መረጠ ለማለት ያስቸግራል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ወንድም ያለው ይህን ሁሉ ገና በልጅነቱ ይሰማል፤ የሌለው ግን የሚሰማው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ወረቀትም እንዲሁ ነው። የዩኒቨርሲቲ ብድር ለመጠየቅ በአብዛኛው የዜግነት መታወቂያ ያስፈልጋል። የጠረፍ ካውንቲ ወጣቶች መታወቂያ ለማግኘት ሌላው ኬንያዊ የማይጠየቀውን ልዩ ማጣራት ማለፍ ነበረባቸው፤ ይህ አሠራር እንዲቀር የታወጀው በፌብሩዋሪ 2025 ነው። በተጨማሪም ኬንያ በ2023 የነጻ ትምህርት ዕድልንና ብድርን በቤተሰብ የመክፈል አቅም የሚያደላድል ሥርዓት አወጣች። በ2024 መጨረሻ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ስለ በየነበት ነገሩ ወደ ይግባኝ ተሻግሯል። ፍርዱ የትም ይድረስ የትም ለሞያሌ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ደመወዝ የማይቀበል አርብቶ አደር አቅሙን በምን ወረቀት ያስረዳል? በኢትዮጵያ በኩል ከ2003 ጀምሮ ያለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ እንዲከፍል ስለሚያደርግ በመግቢያው በር ላይ ያለውን ችግር ያቃልላል።

ሠ. በሰላም። በ2013 መጨረሻ በኬንያው ሞያሌ በተነሣው ግጭት ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ሸሹ። በማርች 2018 ደግሞ በኢትዮጵያው ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በመገደላቸው ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ኬንያ ሸሹ። በሁለቱም ጊዜ ከሸሹት ውስጥ ተማሪዎች ነበሩ። የአንድ ወሰነ ትምህርት መቋረጥ በሒሳብና በሳይንስ የሚያስከትለው ጉዳት ከርሞም ይታያል፤ የሚቀጥለው ምዕራፍ ባልተማሩት ምዕራፍ ላይ የተሠራ ነውና።

መግባት ብቻ አይበቃም

ሁለቱም አገሮች ይህን ልዩነት ለማጥበብ ሞክረዋል። ኢትዮጵያ ለሴቶች፣ ለታዳጊ ክልሎችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎች ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ ስትወስን ቆይታለች፤ ከ2023 ጀምሮም ግማሽ ነጥብ ላልሞሉ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት ጀምራለች። ኬንያም ለሴቶችና ወደ ኋላ ለቀሩ አካባቢዎች በምደባ ጊዜ አስተያየት ታደርጋለች። እነዚህ እርምጃዎች ተገቢ ናቸው። በሩን ያሰፋሉ፤ ከበሩ በኋላ ያለውን መንገድ ግን አያሳጥሩም።

ፈረንሳውያኑ ፒየር ቡርድዮና ዣን ክሎድ ፓስሮን በ1964 ባሳተሙት ጥናት ዩኒቨርሲቲ ያላስተማረውን ነገር እንደሚፈትን አስረድተዋል። ማስታወሻ አያያዝ፣ ከመምህር ጋር መነጋገር፣ ረጅም ጽሑፍ አንብቦ ዋናውን ነጥብ ማውጣት፣ የቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም፣ እነዚህን ሁሉ የተማረ ቤተሰብ ልጅ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ሌላው ግን መማር እንዳለበት የሚነግረው እንኳ የለም። በመጀመሪያው ዓመት የሚወድቁ ብዙ ተማሪዎች ራሳቸውን ደካማ ነን ብለው የሚፈርጁት ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። በ1970ዎቹ በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩሪ ትራይስማን የተባለ የሒሳብ መምህር ብዙ ጥቁር ተማሪዎች በካልኩለስ ለምን እንደሚወድቁ ጠየቀ። ባልደረቦቹ ፍላጎት ማነስን፣ የቤተሰብ ድኽነትን፣ የመሠረት ማነስን አመካኙ። ትራይስማን ግን ተማሪዎቹ ወደሚኖሩበት ሄዶ ሲያጠኑ ተመለከተ። የተወረሱት ምክንያቶች አልተገኙም። ያገኘው ልዩነት ጥቁሮቹ ተማሪዎች ብዙ እየደከሙ ለየብቻቸው ማጥናታቸው፣ በውጤት የሚበልጧቸው የቻይና ተወላጆች ደግሞ ተሰብስበው እየተራረሙ ማጥናታቸው ነበር። ስለዚህም ተማሪዎችን በቡድን አሰባስቦ የቀለለ ሳይሆን የከበደ ጥያቄ ይሰጣቸው ጀመር፤ ውጤታቸውም በግልጽ ተሻሻለ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው ሕዝቦች ይህን ለመቀበል ሊያዳግተን አይገባም።

ትምህርት ቤት ምን ያህል ኀይል አለው?

በ1966 በአሜሪካ የወጣው የጄምስ ኮልማን ጥናት ለተማሪው ውጤት ከትምህርት ቤቱ ይልቅ የቤተሰቡ ሁኔታ የበለጠ ክብደት እንዳለው አመለከተ። ብዙ መምህራን ይህን ሰምተው ተስፋ ቈረጡ። ይሁን እንጂ በ1983 ስቴፈን ሄይነማንና ዊልያም ሎክስሊ የ29 አገሮችን መረጃ ሲያወዳድሩ በድኻ አገሮች የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት ከቤተሰቡ መነሻ ይልቅ ብዙ ክብደት እንዳለው አሳዩ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ይህ ልዩነት እየጠበበ መሄዱን ቢያመለክቱም ነገሩ ለእኛ ትርጉም አለው። በቤቱ መጽሐፍ የሌለው፣ የተማረ ወላጅ የሌለው ልጅ ስለ ትምህርት የሚያገኘው ሁሉ ከትምህርት ቤት ነው። ሌላ ምንጭ ስለሌለው የእኛ መልካም ሥራ የበለጠ ይጠቅመዋል፤ ግዴለሽነታችንም የበለጠ ይጎዳዋል።

ምን ማድረግ እንችላለን?

ከላይ ከዘረዘርናቸው መካከል ድርቅን፣ ግጭትንና የመንግሥትን በጀት መምህሩ አይለውጥም። ቋንቋን፣ ጊዜንና መረጃን በሚመለከት ግን ብዙ ሊሠራ ይችላል።

1. ልጁ ሲሳሳት ስሕተቱ የቋንቋ ነው ወይስ የሐሳብ ብለን እንጠይቅ። የሒሳብ ጥያቄውን በልጁ ቋንቋ አስረድተነው በትክክል ከሠራው የጎደለው እንግሊዝኛ እንጂ ሒሳብ አይደለም፤ መድኀኒቱም የተለየ ነው። የየትምህርቱን ዋና ዋና ቃላት ከነትርጉማቸው በግድግዳ ላይ መለጠፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

2. ወሰን ተሻግሮ የመጣን ልጅ በጅምላ ወደ ታችኛው ክፍል ከመመለስ በየትምህርቱ ያልተማረውን ምዕራፍ ለይተን እንድረስለት። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ጥቂት ምዕራፍ እንጂ ሙሉ ዓመት አይደለም።

3. ከትምህርት ሰዓት በኋላ አንድ ክፍል እስኪመሽ ክፍት ይሁን፤ ተማሪዎች በቡድን ያጥኑበት። ለልጃገረዶች ማታ መምጣት የማይቻል ከሆነ የምሳ ሰዓቱን እንጠቀም። ለቡድኑ የምንሰጠው ጥያቄ ይክበድ። ለድኻ ልጅ ማዘን ማለት ጥያቄ ማቅለል አይደለም፤ የቀለለ ጥያቄ የለመደ ልጅ በብሔራዊው ፈተና ላይ የሚጠብቀው የከበደው ነውና።

4. የትኛው የትምህርት ዓይነት የትኛውን የሙያ በር እንደሚከፍት ምርጫው ከመድረሱ አንድ ዓመት አስቀድመን ለተማሪውም ለወላጁም እንንገር። ለዕረፍት የሚመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጋብዘን ስለ መጀመሪያው ዓመት ችግር እንዲያስረዱ እናድርግ። የልደት ምስክር ወረቀትና መታወቂያ ፈተናው ከማለፉ በፊት መዘጋጀታቸውን እንከታተል።

እናንተም ተማሪዎች፣ ስለ መነሻችሁ ማፈር አይገባችሁም፤ በመነሻችሁ ማመካኘትም አይጠቅማችሁም። ምን እንደጎደላችሁ ለይታችሁ ዕወቁ። ቋንቋ ከሆነ የጎደላችሁ በየቀኑ ጥቂት ገጽ አንብቡ። ጊዜ ከሆነ ለመምህራችሁ ንገሩ። መረጃ ከሆነ ጠይቁ፤ የሚያውቅ ዘመድ የሌለው ሰው መጠየቅን ዘመዱ ማድረግ አለበት። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡም ለብቻችሁ አትቀመጡ።

የኬንያና የኢትዮጵያ መሪዎች በዲሴምበር 2020 በሞያሌ የጋራ ኬላ መርቀዋል፤ ጭነት የያዘ መኪና ሁለት ጊዜ እንዳይፈተሽ ታስቦ ነው። ወሰን የሚሻገረው ተማሪ ግን እስካሁን በሁለት ቋንቋ፣ በሁለት ዘመን አቈጣጠርና በሁለት ፈተና መካከል ይፈተሻል። ይህን ለማቃለል የሁለቱ አገሮች ትምህርት ሚኒስቴሮች የሚነጋገሩበት ቀን እስኪመጣ ድረስ በወሰኑ ወዲህና ወዲያ ያለን መምህራን ስለምንቀበላቸው ልጆች መጻጻፍ፣ የደረሱበትን ምዕራፍ የሚገልጽ አንድ ገጽ ማስታወሻ አስይዘን መላክ እንችላለን። ይህ ማንንም ፈቃድ አያስጠይቅም፤ የሚጠይቀው እስክሪብቶና ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።